የክትባት ማስረጃ በለቅሶ ድንኳን በር ላይ ይጠየቅ ወይስ አይጠየቅ?

የእድሩ ጸሐፊ (መንደራ)፦

የተከበራችሁ የጅማና የአካባቢዋ ነዋሪዎች፣ በመንደራ ሰፈር የአንድ እድር ጸሐፊ ሆኜ ሳገለግል ዓመታት አስቆጥሬአለሁ። እድራችን በአሁኑ ጊዜ መተዳደሪያ ደንቡን እያሻሻለ ነው። ኮሚቴው ካረቀቃቸው አዳዲስ አንቀጾች አንዱ በጠቅላላ ጉባኤው ላይ እስከ ምሽት ድረስ አከራክሮን ሳንስማማ ስለ ተለያየን፣ ከእኛ ሰፈር ውጭ ያላችሁም ሐሳባችሁን እንድትሰጡበት ወደዚህ አምጥቼዋለሁ።

አንቀጹ እንዲህ ይላል፦ «የሚመለከተው የመንግሥት አካል ወረርሽኝ መከሰቱን ሲያስታውቅና ለበሽታው ክትባት ሲኖር፣ መከተቡን የሚያሳይ ማስረጃ ያላቀረበ አባል ድንኳን ውስጥ አይቀመጥም፤ በቤቱ ሐዘን ቢደርስበትም እድሩ የሚገባውን ገንዘብ ይከፍላል እንጂ ለቅሶ ያልደረሱ አባላት አይቀጡም።»

ይህን አንቀጽ በእጄ የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ ገለልተኛ ነኝ አልልም። በኮሮና ጊዜ ከአንድ ለቅሶ ቤት የተመለሱ አባሎቻችን በተከታታይ ታመሙ፤ ከእነርሱም መካከል ለረጅም ዘመን ገንዘብ ያዣችን የነበሩት አዛውንት ዐረፉ። በሽታው ከየት እንደ ያዛቸው በእርግጥ የሚያውቅ ባይኖርም፣ ቤተሰባቸው እስከ ዛሬ ያንን ድንኳን ያነሣል፤ እኔም የዚያን ቀን የስም ጥሪ ያደረግሁት እኔ ስለነበርኩ፣ የቀረ ሰው እንደሚቀጣ ያስታወቅሁትም እኔ ስለሆንኩ ነገሩ ከልቤ አልወጣም።

ደግሞም ማስረጃ መጠየቅ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት የወሰደበትን ቢጫ ካርድ ይይዛል፤ ነጻነቴ ተነካ ብሎ የሚከስስ አላየሁም። ይህ በሽታ ከ1953 ዓ.ም. ጀምሮ በኦሞ ሸለቆና በደቡብ ምዕራብ አገራችን ተነሥቶ ለሁለት ዓመት ገደማ በቆየበት ጊዜ 30,000 የሚያህል ሰው እንደ ገደለ ይገመታል። ከዚያ እልቂት በቅርብ ርቀት ላይ የምንኖር ሰዎች ካርዱ ለምን እንዳስፈለገ ማንም ሊያስረዳን አይገባም። ለሩቅ አገር አውሮፕላን ማረፊያ ካርድ የምናሳይ ከሆነ፣ ለጎረቤቶቻችን ሕይወት ማሳየት ለምን ይከብደናል? ጥያቄዬ ይህ ነው።

የቆጪ ነርስ፦

የእድሩ ጸሐፊ፣ ጥያቄውን በግልጽ ስላቀረቡልን አመሰግናለሁ፤ ስለ ገንዘብ ያዣችሁም ነፍስ ይማር። በክትባት ሥራ ላይ ለብዙ ዓመታት የቆየሁ ነርስ ነኝ፤ ሰዎች እንዲከተቡ ቤት ለቤት ለምኛለሁ፣ ወደፊትም እለምናለሁ። ቢሆንም አንቀጹን በዚህ መልኩ ልደግፈው አልችልም፤ ምክንያቴም አንቀጹ «ክትባት» የሚለውን ቃል ሁሉም ክትባቶች አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩ ይመስል መጠቀሙ ነው።

ቲታነስን፣ ማለትም መንጋጋ ቆልፍን እንመልከት። ጀርሙ ከአፈር በቁስል በኩል ይገባል እንጂ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ያልተከተበ ሰው አጠገቤ ቢቀመጥ ራሱን እንጂ እኔን አያሰጋኝም፤ ስለዚህ የቲታነስ ካርድ በር ላይ መጠየቅ ምንም ትርጉም አይኖረውም። ኩፍኝ ደግሞ በተቃራኒው በአየር የሚተላለፍ፣ በሽተኛው ከክፍሉ ከወጣ በኋላ እንኳ እስከ ሁለት ሰዓት ድረስ አየሩ ውስጥ ሊቆይ የሚችል በሽታ ነው። ስርጭቱን ለመግታት ከ100 ሰው 95ቱ በሁለት ዙር ክትባት መጠበቅ እንዳለበት ይነገራል፤ ክትባቱም መተላለፉን በደንብ ስለሚያቆም፣ እዚህ ላይ የአንዱ መከተብ በእርግጥ የሌላው ጋሻ ነው። ኮሌራን ካነሣን በአፍ የሚወሰድ ክትባት አለው፤ ነገር ግን የሚተላለፈው በተበከለ ውኃና ምግብ ስለሆነ፣ ለቅሶ ቤት ውስጥ ከካርድ ይልቅ ንፍሮ የሚቀቅሉትና የሚያድሉት ሰዎች እጃቸውን በሳሙና መታጠባቸው፣ ውኃውም መታከሙ ይበልጣል። በእናንተ አንቀጽ መሠረት ግን እነዚህ ሦስቱ አንድ ናቸው።

የኮሮና ክትባት በመካከል የሚገኝ ነው። ከጽኑ ሕመምና ከሞት በመጠበቅ ረገድ የሠራው ሥራ ትልቅ ነው፤ ይህን የምለው በወሬ ሳይሆን ኦክሲጅን ለማግኘት የተሰለፉ ሰዎችን በዓይኔ አይቼ ነው። መተላለፍን የመግታት ኃይሉ ግን መጀመሪያ ላይ ተስፋ እንደ ተደረገው አልዘለቀም። ዴልታ የተባለው ዝርያ ሲመጣ ቀነሰ፤ ደቡብ አፍሪካ ኅዳር 2014 ዓ.ም. ላይ ኦሚክሮንን ካስታወቀች በኋላ ደግሞ የተከተበ ሰውም በብዛት ይያዝና ያስተላልፍ ነበር። ስለዚህ በዚያ ወቅት ካርዱን አሳይቶ የገባ አባል «እኔ አላስተላልፍም» ብሎ አጠገብዎ ቢቀመጥ ካርዱ የማያውቀውን ነገር መስክሮለታል ማለት ነው። ገንዘብ ያዣችሁ የነበሩት አዛውንት ራሳቸው ተከትበው ቢሆን ኖሮ የመትረፍ ዕድላቸው ይሰፋ ነበር፤ የሌሎቹ ካርድ በር ላይ መታየቱ ግን ያንን ያህል አያድናቸውም ነበር። ካርድ የሚጠይቅ ሰው አስቀድሞ ክትባቱ ምን እንደሚያደርግ ይጠይቅ።

የቢጫ ካርዱን ምሳሌ በተመለከተ፣ ያ ካርድ የቆመው በጠንካራ መሠረት ላይ ነው። አንድ ጊዜ የተወሰደው ክትባት ለዕድሜ ልክ እንደሚያገለግል ተረጋግጦ ከሐምሌ 2008 ዓ.ም. ጀምሮ ካርዱም በዓለም አቀፉ የጤና ደንብ ለዕድሜ ልክ እንዲጸና ተደርጓል። ዕድሜያቸው ወይም የጤናቸው ሁኔታ ክትባቱን የማይፈቅድላቸው ሰዎች ደግሞ ከሐኪም የሚሰጥ የምስክር ወረቀት ይይዛሉ። የእናንተ አንቀጽ ይህን እንኳ አላስቀመጠም።

የሒሳብ መምህር፦

ከእህታችን ከነርሷ ብዙ ተምሬአለሁ፤ ሆኖም የጸሐፊው አንቀጽ ያለ በቂ ምክንያት እየተጣለ ስለ መሰለኝ አንድ ነገር ልጨምር። ማስረጃ መጠየቅ ዋና ጥቅሙ በሩ ላይ ሳይሆን ከበሩ በፊት ነው፤ ያመነታውን ሰው ያስወስናል። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 12 ቀን 2021 የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ኢማኑኤል ማክሮን ወደ ካፌና ወደ መሰል ስፍራዎች ለመግባት የጤና ማስረጃ እንደሚጠየቅ ባስታወቁ በአንድ ቀን ውስጥ ከ900,000 በላይ ሰዎች ለክትባት ቀጠሮ ይዘዋል። እነዚህ ሰዎች ክትባቱን የተቃወሙ ሳይሆኑ ነገ ዛሬ ሲሉ የቆዩ ናቸው። ክትባቱ መተላለፍን በከፊል ብቻ ቢቀንስም፣ ብዙ ሰው መከተቡ የሆስፒታል አልጋ እንዳይሞላ ያደርጋል፤ አልጋው ሲሞላ ደግሞ በምጥ የተያዘችውም በመኪና አደጋ የተጎዳውም ይጎዳሉ። የአንድ ሰው አለመከተብ የራሱ ጉዳይ ብቻ ነው የሚለውን ሐሳብ እኔ አልቀበለውም።

የቆጪ ነርስ፦

መምህር፣ ስለ ሆስፒታል አልጋ የጻፉት ትክክል ነው፤ እኔም ብርቱው ክርክር እርሱ ይመስለኛል። ነገር ግን ፈረንሳይ ያን ሕግ ስታወጣ ክትባቱ በየከተማው ሞልቶ ቀጠሮ የሚይዝ ሰው ይጠበቅ ነበር። በእኛ አገር የመጀመሪያው ክትባት የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ 2.2 ሚሊዮን ያህል መጠን ነበር፤ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ስለሚወስድ ከ100 ሚሊዮን በላይ ለሆነ ሕዝብ ለ1.1 ሚሊዮን ሰው የሚበቃ ማለት ነው። በቅድሚያም ለጤና ባለሙያዎች፣ ከዚያም ለአረጋውያንና ተጓዳኝ ሕመም ላለባቸው ተሰጠ። በዚያ ወር የእናንተ አንቀጽ በሥራ ላይ ቢሆን ኖሮ፣ ሂርማታ ገበያ ላይ ሽንኩርት የምትሸጥ የሠላሳ ዓመት ሴት ክትባቱ ተራዋ አይደለም ተብላ ትመለስና፣ ማታ ደግሞ አልተከተብሽም ተብላ ከእናቷ ለቅሶ ድንኳን ትወጣለች። ያልተሰጣትን ነገር ማስረጃ ማምጣት አትችልም።

ቡና ላኪ፦

ነርሷ የጻፈችው በእኔ ላይ በሌላ መልኩ የደረሰ ስለሆነ ላካፍላችሁ። በ2013 ዓ.ም. እዚሁ ጅማ ውስጥ ተራዬ እንደ ደረሰ ሁለቱንም ዙር ወስጄ፣ ቀኑና የክትባቱ ተከታታይ ቁጥር የተጻፈበት ካርድ ተሰጠኝ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ከቡና ገዢዎች ጋር ለመነጋገር ወደ አንድ የአውሮፓ አገር ለመሄድ ስዘጋጅ፣ የእኔ ክትባት በተቀባይነት ዝርዝሩ ውስጥ የለም ተባልኩ። ያልተከተበ ሰው በሚታይበት ዓይን ታይቼ፣ ለይቶ ማቆያ ልገባ እንደምችልና ወጪውም የራሴ እንደሆነ ተነገረኝ። ጉዞው ቀረ፤ ያን ዓመት የነበረኝ ትልቁ ደንበኛም ወደ ሌላ አገር ቡና ፊቱን አዞረ።

ከዚያ በኋላ ነገሩን ስከታተል የተረዳሁት፣ የአውሮፓ ኅብረት የዲጂታል ኮቪድ ማስረጃ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 2021 ሥራ ሲጀምር አባል አገሮች ሁሉ እንዲቀበሉ የተገደዱት የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ የፈቀዳቸውን ክትባቶች ብቻ እንደነበረ ነው። ያው የአስትራዜኒካ ክትባት በአውሮፓ ሲመረት በዝርዝሩ ውስጥ ነበረ፤ በሕንድ ሴረም ኢንስቲትዩት ሲመረትና ኮቪሺልድ ሲባል ግን አልነበረም። ክትባትን ለድሃ አገሮች በሚያዳርሰው ዓለም አቀፍ መርሐ ግብር፣ በኮቫክስ በኩል ወደ አፍሪካ የመጣው ደግሞ በአብዛኛው ይኸኛው ነበር። የአፍሪካ ኅብረትና የአፍሪካ በሽታ መከላከያ ማዕከል ተቃውሞአቸውን አሰሙ፤ አባል አገሮችም በየግላቸው መቀበል ስለሚችሉ ብዙዎቹ ቆየት ብለው ተቀበሉት። የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ የፈቀደው ክትባት ነበር፤ ድርጅቱም ከመጀመሪያው ጀምሮ የኮሮና ክትባት ማስረጃ የዓለም አቀፍ ጉዞ ግዴታ እንዳይሆን ሲመክር ቆይቷል።

ስለዚህ ጸሐፊው የአውሮፕላን ማረፊያውን ለድንኳኑ ምሳሌ ሲያደርጉት፣ እኔ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ የሆነው እንዳይደገም እፈራለሁ። ካርድ ያለው ሰው ሁሉ እኩል አይታይም፤ የትኛው ካርድ እንደሚታመን የሚወስን ሰው ሁልጊዜ ይኖራል። በእኛ እድር ያ ሰው ማን ሊሆን ነው? ከገጠር መጥታ ልጇ ቤት ያረፈች፣ ካርዷን ዝናብ ያበላሸባት እናት ብትመጣ በሩ ላይ የቆመው ወጣት ምን ይላታል? ክትባት አልተቃወምኩም፤ ወስጃለሁ፣ ሠራተኞቼንም አስከትቤአለሁ። የተቃወምኩት ወረቀቱ ከመርፌው በላይ ሲከበር ነው።

ሕግ አጥኚ፦

ክርክሩ እስካሁን በሕክምናው ላይ ስለነበረ ወደ ሕጉ ጥቂት ልውሰዳችሁ። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የግል ሕይወት እንዲከበር ይደነግጋል፤ ሆኖም በዚሁ አንቀጽ ንዑስ አንቀጽ 3 ጤናን ለመጠበቅ ሲባል አስገዳጅ ሁኔታ ሲፈጠርና ዝርዝር ሕግ ሲወጣ ሊገደብ እንደሚችል ያስቀምጣል። አንቀጽ 93 ደግሞ የሕዝብን ጤንነት አደጋ ላይ የሚጥል በሽታ ሲከሰት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሊታወጅ እንደሚችል በግልጽ ይናገራል፤ መጋቢት 30 ቀን 2012 ዓ.ም. የታወጀውና ለአምስት ወራት የጸናው አዋጅ የቆመው በዚህ ላይ ነው። እንግዲህ የሕዝብ ጤና ነጻነትን ሊገድብ ይችላል ወይ ለሚለው የሕጋችን መልስ «አዎ፣ ይችላል» የሚል ነው፤ ይህን የሚክድ ሰው ሕገ መንግሥቱን አላነበበም። ነገር ግን መገደብ የሚችለው ሕግ አውጪው ነው፤ ምክንያቱ ተነግሮ፣ ጊዜው ተወስኖ፣ በላዩም ተቆጣጣሪ ተቀምጦ። የእድር ኮሚቴ ይህ ሥልጣን የለውም።

የሌሎች አገሮች ፍርድ ቤቶች የሰጡትም ውሳኔ ብዙ ጊዜ ከሚነገርለት ጠበብ ያለ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1905 በጃኮብሰን ጉዳይ የፈንጣጣ ክትባትን ማስገደድ ይቻላል ብሎ ወስኗል፤ ክትባቱን እምቢ ያለው ሰው የተጣለበት ቅጣት ግን 5 ዶላር ነበር። የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት ሚያዝያ 2021 እ.ኤ.አ. በቼክ ሪፐብሊክ ላይ በቀረበው ክስ፣ ልጆቻቸውን ያላስከተቡ ወላጆች በገንዘብ መቀጣታቸውንና ልጆቹ መዋዕለ ሕፃናት አለመግባታቸውን አጽድቋል፤ ሲያጸድቅ ግን ልጆቹ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ከመግባት እንዳልተከለከሉ አንሥቷል። እኔ ከሁለቱም የማነበው አንድ ነገር ነው፦ ማስገደድ የተፈቀደው ቅጣቱ ሰውየውን ከኅብረተሰቡ እስካላወጣው ድረስ ነው። በእኛ አገር የእድር አባልን ለቅሶው ላይ ሰው እንዳይደርስበት ማድረግ የስንት ዶላር ቅጣት ነው? ለዚህ ዋጋ የሚተምንለት ዳኛ ያለ አይመስለኝም።

ሌላው፣ ካርዱን የሚያይ ሰው የሰውን የጤና መረጃ ያያል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚያስፈልጋቸው መረጃዎች ጎራ መድቦታል። አንድ አባል በሕመም ምክንያት ክትባቱን እንዳይወስድ ሐኪም ከልክሎት ከሆነ፣ ያን ሕመሙን ለበረኛው ሊያስረዳ ነው? ሰፈር ውስጥ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

እናት ከአጂፕ፦

እስካሁን ሳነብ ቆይቼ ነው የምጽፈው፤ እዚህ «ያልተከተበ ሰው» እየተባለ የሚነገርለት ሰው እኔ ነበርኩ። በ2013 ዓ.ም. ክትባቱ ሲመጣ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነበርኩ። አንድ ጤና ተቋም ሄጄ ስጠይቅ አንዷ ባለሙያ «ውሰጂው» አለችኝ፤ ሌላዋ «ከወለድሽ በኋላ ይሻላል፣ በነፍሰ ጡሮች ላይ ገና በበቂ አልተጠናም» አለችኝ። ሁለቱም በክፋት አልነበረም፤ በዚያን ጊዜ የዓለም ጤና ድርጅት ምክርም ጥንቃቄ የበዛበት ነበር። ሆዴ ውስጥ ስላለው ልጅ እኔ መወሰን ነበረብኝ፤ ለመቆየት ወሰንኩ። ስለ ነጻነት ሲነገር ብዙ ሰው ግትርነት ይመስለዋል። የእኔ ግን ፍርሃት ነበር፤ ፍርሃቴን የሚያዳምጠኝ ሰው ነበር የምፈልገው።

በዚያው ወራት አባቴ በሌላ ሕመም ዐረፈ። ለቅሶው ላይ ሰው በጣም ጥቂት ነበር፤ የመጡትም ራቅ ራቅ ብለው ተቀመጡ፣ ተቃቅፎ ማልቀስ እንኳ አልነበረም። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ሲባል የሰማሁት በልጅነቴ ነው፤ በዚያ ሳምንት ግን ምን ማለት እንደሆነ አወቅሁት። የቀሩት በበሽታው ፈርተው ስለቀሩ አልተቀየምኳቸውም። «ካርድ የላትም፣ አንደርስላትም» ብለው በደንብ ወስነው ቢቀሩ ኖሮ ግን፣ የእድሩን ገንዘብ ተቀብዬ ከዚያ ሰፈር እወጣ ነበር።

ከወለድኩ በኋላ ክትባቱን ወሰድኩ። ያስወሰደችኝ የሰፈራችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነች። ሦስት ጊዜ ቤቴ መጥታ፣ ሕፃኑን እያባበለች፣ ማጥባት እችል እንደሆነ፣ ትኩሳቱ ስንት ቀን እንደሚቆይ፣ የጠየቅኋትን ሁሉ ሳትሰለች መለሰችልኝ። መምህር፣ በፈረንሳይ በአንድ ቀን 900,000 ሰው ቀጠሮ መያዙን ጽፈዋል፤ እኔን አንዷን ለማስወሰን ሦስት ቀን ፈጅቷል። ቢሆንም ዛሬ ሌላ ክትባት ቢመጣ ያችን ሴት አምኜ የመጀመሪያዋ ተሰላፊ እኔ ነኝ። በዛቻ የተከተበ ሰው እንዲህ ይላል ብዬ አላስብም።

የጅሬን አባት፦

ልጆቼ፣ ክርክራችሁ መልካም ነው፤ አላህ ይጨምርላችሁ። እኔ ሐጅ ለመሄድ የማጅራት ገትር ክትባት የወሰድኩ ሰው ነኝ። ሳዑዲ ዓረቢያ ከመድረሳችን ቢያንስ አሥር ቀን አስቀድመን እንድንወስድ ታዘዝን፤ ወሰድን፣ ካርዱን አሳየን፣ ገባን። ከብዙ አገር የመጣ ሕዝብ ትከሻ ለትከሻ በሚቆምበት ቦታ በሽታው ከዚህ በፊት ሰው ስለ ጨረሰ ማንም አላጉረመረመም። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ከ65 ዓመት በታች የሆኑና የኮሮና ክትባት ያሟሉ ብቻ እንዲመጡ ሲባል፣ እኔ ተከትቤ ሳለ በዕድሜዬ ምክንያት ቀረሁ፤ ገደቡ በተነሣበት በሚቀጥለው ዓመት ሄድኩ። አለቀስኩ እንጂ አልተከራከርኩም። ወረርሽኝ ባለበት አገር አትግቡ፣ ከዚያም አትውጡ የሚለው የነቢያችን ትምህርት ከአሥራ አራት መቶ ዓመት በፊት የተነገረ ነው፤ ለሰው ነፍስ ሲባል መንገድን መዝጋት በእምነታችን ቦታ አለው።

ለቅሶው ግን ከሐጅ ይለያል። ሐጅ የሚጓዘው ሰው ወራት አስቀድሞ ያውቃል፣ ይዘጋጃል፤ ሞት ማንንም አስቀድሞ አያስጠነቅቅም። ደግሞም የጀናዛ ሶላት ፈርድ ኪፋያ ነው፤ ጥቂቶች ከፈጸሙት ከሌሎቹ ላይ ይወርዳል። በበሽታ ዘመን ለቀብር ጥቂት ሰው ቢወጣ፣ ሌላው ቤቱ ሆኖ ዱዓ ቢያደርግ በደል የለበትም። ስለዚህ ማን ካርድ አለው ብላችሁ ከምትለዩ የሰዉን ቁጥር አሳንሱ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ለተከተበውም ላልተከተበውም እኩል ነው፣ የሚያፍርም የለም። ጸሐፊው ልጄ፣ ያን ዕለት ስም ጠርተህ የቀረ ይቀጣል ማለትህ እንደሚቆጭህ ጽፈሃል። ከካርዱ ይልቅ ያንን ቅጣት ብታነሣው አይሻልም?

የእድሩ ጸሐፊ (መንደራ)፦

አባባ፣ የመጨረሻው ጥያቄዎ ሌሊቱን አላስተኛኝም። እውነት ነው፤ ሕመም የተሰማው ሰው ሳይቀር ቅጣት ፈርቶ ድንኳን እንዲገባ የሚያደርገው የእኛው ደንብ ነበር። ሌላ አጥር ለመሥራት ስንከራከር ሰዉን ወደ በሽታው የሚገፋውን አንቀጽ ሳንነካው መቆየታችን አሳፍሮኛል።

ነገር ግን አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። እስካሁን የተጻፈው ሁሉ ከድንኳን ስለሚወጣው ሰው ነው። ፈርቶ ስለማይገባው ሰውስ? በሰፈራችን የስኳርና የልብ ሕመም ያለባቸው፣ የኩላሊት እጥበት የሚያደርጉ አባላት አሉን። በወረርሽኝ ጊዜ እነርሱ ማንም ሳይከለክላቸው በራሳቸው ቀርተዋል፤ የአርባ ዓመት ጎረቤታቸውን ሳይሰናበቱ፣ ስማቸውን ማንም ሳያነሣው። የእናት ከአጂፕ ሐዘን ልቤን ነክቶታል፤ የእነዚህ ሰዎች ነጻነት ግን በየትኛው አንቀጽ ተጽፏል? ነርሷ ክትባቱ መተላለፍን በከፊል ይቀንሳል ካለች፣ ያ ከፊል ለእነርሱ ትንሽ አይደለም። ለዚህ መልስ ካገኘሁ አንቀጼን እተወዋለሁ።

የቆጪ ነርስ፦

ጥያቄዎ ትክክለኛ ነው፤ እኔም በመጀመሪያው ጽሑፌ አልፌዋለሁ። ለእነዚያ ሰዎች ጥቅም የሚሰጠው በመጀመሪያ እነርሱ ራሳቸው ቀድመው መከተባቸው ነው፤ እድሩም የአረጋውያንና የሕሙማን አባላቱን ዝርዝር ይዞ ከጤና ጣቢያ ጋር ተነጋግሮ እንዲከተቡ ቢያደርግ በር ላይ ከመቆም ይልቅ ሕይወት ያድናል። ከዚያ ቀጥሎ አየር ነው። የእኛ ድንኳን በጅማ ዝናብ ምክንያት አራቱም ጎኑ ተዘግቶ፣ ሰው ተጠጋግቶ ለሰዓታት ይቀመጥበታል፤ ሁለቱ ጎኖቹ ቢከፈቱ፣ መቀመጫው ቢራራቅ፣ ሳል ወይም ትኩሳት ያለው ሰው እንዳይመጣ ቢታወጅ፣ ይህ ሁሉ ለየትኛውም በትንፋሽ ለሚተላለፍ በሽታ ይሠራል፤ ክትባት ገና ያልተገኘለት ቢሆን እንኳ።

አንድ ነገር ላይ ግን ከጸሐፊው ጎን ነኝ። የሕመምተኛን ቁስል የምንነካ እኛ የጤና ባለሙያዎች የሄፓታይተስ ቢ ክትባት መውሰዳችን ቢጠየቅ ተገቢ ነው፤ ሥራውን መርጠን ገብተናል፣ ክትባቱንም መሥሪያ ቤቱ ሊያቀርብልን ይገባል። ማስረጃ የሚጠየቅበት ቦታ የለም አላልኩም። ለቅሶ ግን ማንም መርጦት የሚገባበት ሥራ አይደለም።

የእድሩ ጸሐፊ (መንደራ)፦

ከሳምንት በኋላ ነው የምመለሰው። የዐረፉትን የገንዘብ ያዣችንን ልጅ ቤቱ ድረስ ሄጄ፣ የተጻፈውን ሁሉ አነበብኩለት። ዝም ብሎ ሰማኝና «አባቴ ካርድ ቢጠየቅም ባይጠየቅም ይሄድ ነበር፤ የጓደኛው ለቅሶ ነበር። የሚያስቀረው ሰው አልነበረም እንጂ፣ ድንኳኑ ሰው ሲቀንስ ይምጡ የሚለው አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ ይሰማ ነበር» አለኝ።

በዚህ መሠረት የቀድሞውን አንቀጽ ሰርዤ የሚከተለውን አርቅቄአለሁ፦ «የሚመለከተው የመንግሥት አካል ወረርሽኝ መከሰቱን ሲያስታውቅ፣ አዋጁ እስኪነሣ ድረስ ለቅሶ ያልደረሰ አባል አይቀጣም። የድንኳኑ ሁለት ጎኖች ክፍት ይሆናሉ። የሕመም ስሜት ያለው አባል አይመጣም፤ መቅረቱም እንደ መድረስ ይቆጠርለታል። ኮሚቴው ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጋር በመሆን ክትባት ላልደረሳቸው አባላት መረጃና ተራ እንዲያገኙ ያደርጋል። አረጋውያንና ሕሙማን አባላት ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ሌላ ሰው በሌለበት፣ ለቅሶ ይደርሳሉ።» የክትባት ማስረጃ የሚለው ቃል ከደንቡ ውስጥ ወጥቷል።

ሕግ አጥኚ፦

እጅግ የተሻለ ነው። አንድ ማስተካከያ ብቻ አለኝ፦ በመጨረሻው ዐረፍተ ነገር «ለቅሶ ይደርሳሉ» የሚለው አረጋውያኑ በዚያ ሰዓት ብቻ እንዲመጡ የታዘዙ ያስመስላል። «ከመረጡ» የሚል ቃል ካልገባበት፣ ያልተከተበውን ከድንኳን ላለማስወጣት ስንል አዛውንቱን አስወጥተን እንገኛለን።

የእድሩ ጸሐፊ (መንደራ)፦

አስገብቼዋለሁ። «አረጋውያንና ሕሙማን አባላት ከመረጡ» ተብሎ እሑድ ለጉባኤው ይነበባል።